በደሴና ኮምቦልቻ ተዳፋት ላይ ባህር ዛፍ በሞተር መጋዝ ማጽዳትና ለማገዶ ማዘጋጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ከፍታው 1850 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህ ልዩነት ለሞተር መጋዝ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ደሴ ላይ የተስተካከለ መጋዝ የካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ብሎን ሳይነካ ኮምቦልቻ ወርዶ ሙሉ ቀን ቢሠራ ፒስተኑ ሊላጥ ይችላል። ኮምቦልቻ የተስተካከለው ደግሞ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲወጣ ጭስ ብቻ ይተፋል፣ ጉልበት ያጣል፣ ባለቤቱም "ማሽኑ ተበላሸ" ብሎ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ አየሩ ስለሳሳ ነው። ስለዚህ ከዛፍ መጣል በፊት ብዙ ቦታ የምንሰጠው ለማሽኑ ዝግጅት ነው። በደንብ የተሳለና ለከፍታው የተስተካከለ ትንሽ መጋዝ፣ ካልተስተካከለ ትልቅ መጋዝ የበለጠ ይሠራል።

የትኛው መሣሪያ ይበቃል

በአካባቢው ለማገዶና ለአጠና የሚቆረጠው ባህር ዛፍ በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ለዚህ ከ40 እስከ 50 ሲሲ የሆነ፣ ባሩ (ካቴናው የሚዞርበት ረጅም ብረት) ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መጋዝ በቂ ነው። በገበያ በርካሽ የሚገኙት 52 እና 58 ሲሲ መጋዞች ብዙ ጊዜ 50 ሳንቲ ሜትር ባር ይዘው ይመጣሉ። ነገር ግን ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሞተሩም ካለው ጉልበት ሩቡን ገደማ ያጣል። ረጅሙን ባር በ45 ሳንቲ ሜትር መቀየር ካቴናው (ጥርስ ያለው ሰንሰለት) እንዳይንገታገት፣ ሞተሩም እንዳይጨነቅ ያደርጋል። ባር ሲቀየር ካቴናውም አብሮ ይቀየራል። የጥርስ ርቀቱ (ፒች)፣ የባሩ ቦይ ስፋት (1.3 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር) እና ወደ ቦዩ የሚገቡት የውስጥ ጥርሶች ቁጥር ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ቁጥሩ ባሩ ላይ ተቀርጿል። ለ52 ሲሲው ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ባር ብዙውን ጊዜ 76፣ ለ45ቱ 72 ነው። ሻጩ "ይገባል" ስላለ ብቻ አትግዙ፤ አሮጌውን ካቴና ይዛችሁ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

ቁጥቋጦ የበዛበት ቦታ ከሆነ በትከሻ የሚታነገት የሣርና የቁጥቋጦ ማጨጃ ሞተር (ብሩሽ ከተር) ይጨመራል። ባለ ሦስት ጥርስ ቢላው ለክትክታና ለአጋም፣ ባለ 80 ጥርስ ክብ መጋዙ ደግሞ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ግንድ ነው። ሲወድቅ ሌላ ዛፍ ላይ ለተንጠለጠለ ዛፍ ፓራንኮ ወይም የእጅ ዊንች፣ ሁለት የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሽብልቅ እና 20 ሜትር ጠንካራ ገመድ ያስፈልጋሉ። የብረት ሽብልቅ መጋዝ ባለበት ቁርጥ ውስጥ አይገባም፤ ካቴናው ከነካው ጥርሱ በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ለሰውየው ሄልሜት ከነመነጽሩና ከጆሮ መከላከያው፣ ብረት አፍንጫ ያለው ጫማ፣ ጓንት፣ ከተገኘም መጋዝ የሚያቆም ባለ ብዙ ድርብ ክር ሱሪ። ሽርጥ፣ ፎጣ፣ ጋቢ እና የተንጠለጠለ ሻርፕ ሞተር ካለበት ቦታ ይራቁ። ሸሚዝ ሱሪ ውስጥ ይገባል።

ነዳጅና ዘይት

መጋዙ ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። የመኪና ወይም የባጃጅ ሞተር ዘይት አይሆንም፤ "ቱ ቲ" ተብሎ የሚሸጠው ነው የሚያስፈልገው። ጥሩ ዘይት ሆኖ የማሽኑ መጽሐፍ 50 ለ1 ካለ፣ 5 ሊትር ቤንዚን ላይ 100 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። 25 ለ1 ካለ 200 ሚሊ ሊትር ነው። በዓይን ግምት አትቀላቅሉ፤ ምልክት ያለው የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም ትልቅ ሲሪንጅ ይበቃል። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን ጨምራችሁ ጀሪካኑን በደንብ አናውጡት። ተቀላቅሎ ከአንድ ወር በላይ የቆየ ነዳጅ ማስነሳት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ። 50 ሲሲ መጋዝ በእውነተኛ ሥራ ላይ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል።

የካቴና ዘይት የተለየ ጋን አለው። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ጥቁር ዘይት ብዙ ሰው ይጨምርበታል፤ አታድርጉት። ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑን ይቧጭራል፣ ለቆዳም መርዝ ነው። የካቴና ዘይት ከጠፋ አዲስ የሞተር ዘይት ይሻላል። መድረሱን ለማወቅ ባሩን ከነጭ ድንጋይ ወይም ከጉቶ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ነዳጅ ስጡ፤ ቀጭን የዘይት መስመር መታየት አለበት። ሌላው መለኪያ የጋኖቹ ልክ ነው፤ ቤንዚኑ አልቆ የካቴና ዘይቱ ገና ሙሉ ከሆነ ዘይቱ እየወጣ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ባሩን አውጥታችሁ የዘይት ቀዳዳውንና ቦዩን ከሰጋቱራ አጽዱ።

ካርቡሬተሩን ከከፍታው ጋር ማስማማት

በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ውድ መጋዞች አሉ፤ እነዚህን አትንኳቸው። የቀሩት ሦስት ብሎን አላቸው፤ ኤል (ለዝቅተኛ ዙር)፣ ኤች (ለከፍተኛ ዙር) እና ቲ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሲያርፍ ለሚዞረው)። ኤልን ወይም ኤችን በሰዓት አቅጣጫ ማዞር ነዳጅ ይቀንሳል፣ በተቃራኒው ይጨምራል። አየር ሲሳሳ ያው የነዳጅ መጠን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስና የደከመ ሞተር የሚመጣው ከዚህ ነው።

1. መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ልክ እንደ ከፍታ ነዳጅ ያበዛል፤ ሳይጸዳ ብሎን ከተነካ ነገ ፊልትሮው ሲጸዳ ማሽኑ ነዳጅ ያንሰዋል።
2. ካቴናው የተሳለና ልኩን የያዘ ይሁን። ሞተሩን አስነስታችሁ 3 እስከ 5 ደቂቃ አሙቁት።
3. ብሎኖቹ ከዚህ በፊት ያለአግባብ ተነክተው ከሆነ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ኤልንና ኤችን በቀስታ እስኪቆሙ ዝጉ፣ ከዚያ አንዳንድ ሙሉ ዙር ክፈቱ። በካቻቢቴ አታስጨንቁ፤ የመርፌው ጫፍ ይበላሻል። መጽሐፉ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ።
4. ኤልን በጥቂት በጥቂቱ ወዲያ ወዲህ አድርጋችሁ ሞተሩ አርፎ በጣም ፈጥኖ የሚዞርበትን ቦታ አግኙ፤ ከዚያ አንድ ስምንተኛ ዙር ክፈቱ። ነዳጅ ሲሰጥ ሳያንገራግር መነሳት አለበት።
5. በቲ ዙሩን አውርዱት። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ካቴናው ግን መዞር ማቆም አለበት። ይህ ምርጫ የለውም፤ አርፎ እያለ የሚዞር ካቴና ጭን ይቆርጣል።
6. አሁን ኤች። ሳይቆርጥ ሙሉ ነዳጅ ስጡት። ድምፁ ትንሽ የተቆራረጠ፣ የሚንደቀደቅ መሆን አለበት። እንጨት ሲገባ ደግሞ ያ መንደቅደቅ ጠፍቶ ጥርት ማለት አለበት። እንጨት ውስጥም እየተንደቀደቀ ከቀጠለ ኤችን አንድ ስምንተኛ ዙር ዝጉና እንደገና ሞክሩ።

ሳይቆርጥ ጥርት ያለ ቀጭን ጩኸት ካሰማ ነዳጁ አንሷል። ብዙ ሰው ያንን ድምፅ "አሁን ገና ሞተር ሆነ" ብሎ ይወደዋል፤ ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው፣ ምክንያቱም ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም አብሮ ቀንሷል። ወዲያው ኤችን ክፈቱ። አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ፤ የቡና ቀለም ከያዘ ልክ ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ አንሷል። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኞቹ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው።

የደሴው ቦታ ሲገኝ የብሎኑን አቅጣጫ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ወደ ኮምቦልቻ ወይም ከዚያም ዝቅ ወዳለው ወደ ሀርቡ ስትወርዱ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ኤችን ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ክፈቱና ከስድስተኛው እርምጃ ጀምሩ። ስትመለሱ ወደ ምልክቱ መልሱ። መጋዝ የምታከራዩም ሰዎች ይህን ለተከራዩ ሳይነግሩ አትስጡ።

ካቴና መሳልና መወጠር

የሚወጣው ሰጋቱራ ፍልፋይ ከሆነ ካቴናው ስል ነው፤ ዱቄት ከሆነ ደንዟል። ባህር ዛፍ ቅርፊቱ አፈርና አሸዋ ስለሚይዝ፣ በተለይ ከመሬት ተጎትቶ የመጣ ግንድ፣ ካቴናን ቶሎ ይበላል። ነዳጅ በተሞላ ቁጥር ሦስት አራት ጊዜ በሞረድ መንካት፣ ማታ ላይ አንድ ሰዓት ከመታገል ይሻላል።

ሞረዱ ክብ ነው። በ52 ሲሲ መጋዞች ላይ ለሚመጣው ባለ 0.325 ኢንች ፒች ካቴና 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለትናንሾቹ ዝቅተኛ ባለ 3/8 ኢንች ካቴና 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባሩን ሞርሳ ላይ ወይም ጉቶ ላይ በተቆረጠ ስንጥቅ ውስጥ አጽኑት፣ የካቴናውን ፍሬን ያዙ፣ በ30 ዲግሪ ከውስጥ ወደ ውጪ ብቻ ግፉ፤ ስትመልሱ ሞረዱን አንሱ። ሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር ይሳላል። የአንድ በኩል ጥርሶች ካጠሩ መጋዙ ጠምዞ ይቆርጣል። ከሦስት አራት ስለት በኋላ ከጥርሱ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጠፍጣፋ ሞረድ አሳንሱ፤ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት። ከዚያ በላይ ከወረደች መጋዙ እንጨቱን ይነክሳል፣ ወደ ሰውም ይመለሳል።

ውጥረቱ ልክ የሚሆነው ካቴናው ከባሩ ሥር ተጣብቆ፣ በጓንት ሲሳብ ግን በነፃነት ሲዞር ነው። ስለሚሞቅና ስለሚለጠጥ አዲስ ካቴናን በየግማሽ ሰዓቱ ተመልከቱ። ሥራ ሲያልቅ አላሉት፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና የሞተሩን ዘንግ ይጫናል።

ቦታውንና ጊዜውን ማዘጋጀት

በራስ ይዞታ ላይ ለተተከለ ባህር ዛፍም ቢሆን ቀበሌውንና የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በተለይ እንጨቱ በመኪና የሚወጣ ከሆነ ኬላ ላይ የማጓጓዣ ወረቀት ይጠየቃል። በመሃሉ የበቀለ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ ካለ ያለ ፈቃድ አይነካም። ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት በነጭ ቀለም ወይም በጨርቅ ምልክት አድርጉባቸው።

ዛፉ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከፈለጋችሁ የካቲትና መጋቢት ጥሩ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ቡቃያው ይነሳል። በህዳርና ታህሳስ ከተቆረጠ ደጋው ላይ ውርጭ ለጋውን ቡቃያ ይመታዋል። መሬቱን ብቻ ለሚፈልግና ማገዶውን ለሚያደርቅ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል። ክረምት ሊገባ ሲል ተዳፋት ሙሉ በሙሉ ማራቆት ጎርፍ መጋበዝ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ዛፍ በእርከኑ አቅጣጫ አግድም እየተዋችሁ በሁለት ዓመት ጨርሱት።

ቁጥቋጦው አስቀድሞ ይጸዳል። ማጨጃ ሞተሩን ከቀኝ ወደ ግራ አዙሩ፣ ሌላ ሰው ከ15 ሜትር በላይ ይራቅ። እርከን አጠገብ ቢላውን ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ድንጋይ የመታ ቢላ ተሰብሮ ይወነጨፋል። ቁልቋልን በሞተር አትንኩ። ወተቱ ተረጭቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል፤ በረጅም እጀታ ገጀራ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጋችሁ፣ በመነጽር ብቻ ይቆረጣል።

መጣል

ተዳፋት ላይ ሥራው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን የወደቀው ግንድ ሁልጊዜ ከሠራተኛው በታች ይሆናል፤ ከላይ ሊንከባለል የሚችል ነገር አይኖርም። ዛፉ የሚጣለው አግድም፣ በእርከኑ አቅጣጫ ነው። ቁልቁል የተጣለ ባህር ዛፍ ተሰብሮ አጠናነቱን ያጣል፣ ተንሸራትቶም መንገድ ወይም ቤት ሊደርስ ይችላል። አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆኖ በአንድ መስመር መሥራት ክልክል ነው። በሁለት ሰዎች መካከል የዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ይኑር። መብራት ገመድ ከዚያ ርቀት ውስጥ ካለ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሳይደወል አይነካም። ነፋስ ሲነሳ መጣል ይቁም።

24 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ዛፍ እንውሰድ። ወደ ኋላ በግራና በቀኝ 45 ዲግሪ የማምለጫ መንገድ ጥረጉ። በሚወድቅበት በኩል መጀመሪያ ከላይ አጋድላችሁ፣ ከዚያ ከታች አግድም ቆርጣችሁ 60 ዲግሪ ያህል የተከፈተ አፍ አውጡ፤ ጥልቀቱ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የኋላውን ቁርጥ ከአፉ ወለል 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከአፉ በፊት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይቀራል። ዛፉን የሚመራው እሱ ማጠፊያው ነው፤ በአንድ በኩል ከቀጠነ ዛፉ ወደ ወፈረው ይዞራል፣ ጭራሽ ከተቆረጠ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ባሩ እንዳይያዝ ቁርጡ እንደገፋ ሽብልቅ አስገቡ። ዛፉ ሲንቀሳቀስ ሞተሩን ትታችሁ በተጠረገው መንገድ ውጡ፣ ዓይን ከዛፉ ሳይነሳ።

ባህር ዛፍ ላይ የሚፈራው ያዘመመ ግንድ ነው። በተለመደው መንገድ ከኋላ ሲቆረጥ ገና ግማሽ ሳይደርስ ግንዱ ወደ ላይ ተሰንጥቆ በሰው ፊት ላይ ይመለሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ አፉን አነስ አድርጋችሁ፣ በባሩ ጫፍ የታችኛው ግማሽ ጀምራችሁ ከማጠፊያው ኋላ ግንዱን ወግታችሁ እለፉ፤ ማጠፊያውን ልኩን አድርጉ፣ ከኋላ 3 ሳንቲ ሜትር ሳይቆረጥ እንደ ማሰሪያ ተዉ። በመጨረሻ ያንን ማሰሪያ ከውጪ በኩል ቁረጡ። የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው ፊት ይወረወራል፤ ይህን ያልተለማመደ ሰው ያዘመመ ዛፍ አይንካ።

ተንጠልጥሎ የቀረ ዛፍ ሥር አይገባም፣ የደገፈውም አይቆረጥም። ግንዱን ከሥሩ በገመድና በፓራንኮ ከሌላ ጉቶ ጋር አስራችሁ ወደ ኋላ ሳቡት።

መለየት፣ መቆራረጥ፣ ማውረድ

ወደ ማገዶ ከመሮጥ በፊት እንጨቱን ለዩ። ቀጥ ያለው ለቋሚ፣ ለወራጅ፣ ለማገርና ለአጠና ይሸጣል፤ ዋጋው ከማገዶ የተሻለ ነው። ጠማማው፣ ቋጠሮ ያለውና የተሰነጠቀው ብቻ ይቆራረጥ። ቅርንጫፍ ስትመለምሉ ሁልጊዜ ከግንዱ በላይኛው ወገን ቁሙ። ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ ይፈለጋል፤ የተረፈውን በእርከኑ አግድም ደርድሩት፣ አፈር ይይዛል።

የማገዶው ርዝመት በምድጃው አፍ ይወሰናል። ለምርጥ ምድጃም ሆነ ለሌላ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይመቻል። ልክ የሆነ በትር ቆርጣችሁ በእሱ ለኩ። ሁለት ጫፉ ላይ ያረፈ ግንድ ከላይ ሲቆረጥ ባሩን ይነክሳል፤ ሲሶውን ከላይ ቁረጡና ከታች ጨርሱት።

መፍለጥና ማድረቅ

ባህር ዛፍ እርጥብ ሳለ ይፈለጣል። ከደረቀ በኋላ ክሩ ተቆላልፎ መጥረቢያ ይመልሳል። ከጠርዝ ጀምራችሁ ወደ መሃል ሂዱ። ብዙ እንጨት ላለው ሰው ከ5 እስከ 7 ቶን የሚገፋ የኤሌክትሪክ ሃይድሮሊክ ማሽን እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያለውን ይፈልጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በከፍታ ጉልበት አያጣም። 2.2 ኪሎ ዋት ለሆነው እስከ 30 ሜትር ድረስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ያስፈልጋል፤ ቀጭን ገመድ ይሞቃል፣ ሞተሩም መነሳት ያቅተዋል። እየተሽከረከረ እንጨት የሚበሳውን ሾጣጣ መፍለጫ አንመክርም፤ ልብስ ከያዘ ሰውን ጎትቶ ይጠቀልላል።

የተፈለጠው ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ወፍሮ፣ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ሁለት አጠና ላይ በአንድ ረድፍ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ይደረደራል። ላዩ ብቻ በቆርቆሮ ይሸፈን፤ ጎኑን በሸራ መጠቅለል እንጨቱን ያሻግታል። በደረቅ ወቅት ከ3 እስከ 5 ወር ይፈጃል። አንድ ፍልጥ ላይ ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ጉቶው

እንዲያቆጠቁጥ ከተፈለገ ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ውኃ እንዲወርድ አጋድሎ፣ ቅርፊቱ ሳይገነጠል ይቆረጣል። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ጠንካራና ዝቅ ብለው የወጡ 2 ወይም 3 ቡቃያዎች ብቻ ይተዋሉ። መሬቱን ለእርሻ የሚፈልግ ደግሞ ዙሪያውን ቆፍሮ ቅርፊቱን ከአፈር በታች ድረስ ይላጠው፤ የሚወጣውን ቡቃያም እስኪደክም ድረስ በየወሩ ይንቀለው። ጉቶውን በአፈር ሸፍኖ መተው አይገድለውም።

የተለመዱ ብልሽቶች

ሲጠፋ እንደገና ካልተነሳና ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ሰጥሟል። ማብሪያውን አጥፍታችሁ ካንዴላውን አውጡ፣ ማነቂያውን (ቾኩን) ክፈቱ፣ ገመዱን 10 ጊዜ ሳቡ፣ ካንዴላውን አድርቃችሁ መልሱ። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ጋኑ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ፊልትሮና የጋኑን መተንፈሻ እዩ። ክዳኑን ትንሽ ሲከፍቱት ከተሻለው መተንፈሻው ተደፍኗል። ጉልበቱ ቀስ በቀስ ከጠፋ ደግሞ የማርሚታው ወንፊት በካርቦን ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በብረት ብሩሽ ይጸዳል። ባሩ ከጨሰ ካቴናው ደንዟል ወይም ዘይት አልደረሰውም። የካቴና ፍሬኑን በየጠዋቱ ሞክሩ፤ ሙሉ ነዳጅ ላይ ሲገፋ ወዲያው ካላቆመ መጋዙ ከጋራዥ አይውጣ።

ወቅቱ ሲያልቅ ነዳጁን ገልብጡ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ እስኪጠፋ ተዉት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ስስ ላስቲኩን ያደርቀዋል። ካንዴላውን አውጥታችሁ አንድ ማንኪያ የቱ ቲ ዘይት በቀዳዳው ጨምሩ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ በቀስታ ሳቡ፣ ካንዴላውን መልሱ። ባሩን ገልብጣችሁ ግጠሙት፤ በሚቀጥለው ወቅት በሌላው ጎኑ ይሠራል፣ ሁለቱም ጠርዝ እኩል ያልቃል።